ረቡዕ የተዛወረው ክር

በ1976 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። ጨንቻ ጉም የማይለያት አገር ናትና ሰው ማመን አቃተው። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያም አለፈ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆነ። ድንቹ ሲቆፈር የአውራ ጣት ያህል ወጣ። ሰኔ ላይ በረዶ ወረደና የቀረውን መታው። እንሰት ክፉ ቀን ያወጣል ይባላል፤ በዚያ ዓመት ግን በሽታ ገባበትና ቅጠሉ ከመሐል እየጠወለገ ወደቀ። ያልታመመውን እንሰት ለምርት ሳይደርስ ሰው ቆርጦ ፋቀው። ከብቱ መጀመሪያ ወተት ነጠፈ፣ ቀጥሎ ተሸጠ፣ በመጨረሻ የሚገዛውም ጠፋ። ከምዕራብ ዓባያ በኩል የቆላ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ሽቅብ መጡ። ደጋውም ባዶ መሆኑን ሲያዩ ግማሾቹ ተመለሱ፤ ግማሾቹ መንገድ ዳር ቀሩ። ጥቅምት ሲገባ ለቅሶ ራሱ አጠረ። ሰው ቀብሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስት ቀን የሚቀመጥበት ጉልበት ከየት ይምጣ?

ሸማኔው ዳልጮ በዚያ ዓመት ሃምሳ ስድስት ሞላው። ሚስቱ ጌጤ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወጥተው ቀርተዋል። ሸማውን የሚሠራበት ጉድጓድ ከቤቱ ጥግ ከአጥሩ አጠገብ ነው። ጠዋት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል፤ ማታ ይወጣል። ቆጮ ካገኘ ይበላል፣ ካጣ ይተኛል። ሰው ሞተ ሲሉት «እንዴ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ጎረቤቶቹ ረሃቡ ነው ያደነዘዘው ይላሉ። ረሃቡ አልነበረም። ከሰባ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እንዲህ ነበር።

ዳልጮ ከወንጌል አማኞቹ ወገን ነው። የጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቁልፉ በቀበሌው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አዳራሹ እህል በሌለበት ዓመት የእህል መጋዘን ተብሏል። ሁለት መቶ ከነበሩት ሰዎች ያልተበተኑት አሥራ አምስት ናቸው። ሊቀመንበሩ እነሱን ሰብስቦ እንዲህ ሲል አስጠንቅቋል፦

«ጴንጤ ከሦስት በላይ ሆኖ አንድ ጣሪያ ሥር ቢገኝ ስብሰባ ነው። ለስብሰባ ደግሞ ቦታ አለን።»

ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቀው መምህር ላቀው ነበር። አርባ ምንጭ ወርዶ አምስት ወር ታስሮ ተመልሷል። በፊት የሒሳብ አስተማሪና የጸሎት ቤቱ ሰባኪ ነበር፤ አሁን ድንች ይቆፍራል።

ነገሩን የጀመረችው እማማ ዘሪቱ ናት፤ ከአሥራ አምስቱ ታላቋ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ መምህሩንና ዳልጮን ቤቷ ጠራቻቸው።

«ሳልሞት የጌታን ማዕድ መቁረስ እፈልጋለሁ» አለች። «ግን ቂም ይዤ አልቆርስም። የእኛው ኦይታ ድንበሬ ላይ የነበረውን እንሰት ነቅሎብኛል።»

«አልነቀልኩም ይላል» አለ መምህሩ።

«ታዲያ ዓይኔን እያየ አልነቀልኩም ይበላ! ለአንተ ምን ያወራል?»

ወጉ የታወቀ ነው። ከማዕድ በፊት እያንዳንዱ ሰው ከእያንዳንዱ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሁለት ሰው ብቻውን አይታረቅም፤ ሦስተኛ መሐል ሆኖ ይሰማል። የያዙትን ይናገራሉ፣ እጅ ይጨባበጣሉ። አዳራሹ ክፍት በነበረ ጊዜ ይህ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። በዚህ ዓመት ደግሞ የሚታረቁበት ነገር በዝቷል። ረሃብ ሰውን አስደብቆታል። ማን ቡላ ቀብሯል፣ ማን የማንን ፍየል አርዷል፣ ሁሉም በሁሉም ላይ የያዘው አለ።

«ሊቀመንበሩ ከሦስት በላይ ነው ያለው፤ ሦስት ሰው ይበቃናል» አለ መምህሩ።

«እንዴት ሆኖ?»

«አንድ የእንግሊዝ ቄስ ነበረ። ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። እዚህ የነበረችው ፈረንጅ ነርስ ስትሄድ በተወችልኝ መጽሐፍ ላይ ታሪኩ አለ። ቄስም ነው፣ የሒሳብ ሰውም ነው።»

«ቄስ ሆኖ ሒሳብ ምን ይሠራለታል?» አለች ዘሪቱ።

«እሱንማ አባቱም ጠይቆታል። አባቱ ጥጥ ነጋዴ ነበር።»

ዳልጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ጥጥ?»

«ጥጥ። ልጁን በአሥራ አራት ዓመቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከጥጥ መደብር አስቀመጠው። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆየ።»

«እንደ እኔ» አለ ዳልጮ። እሱም ከሦስተኛ ክፍል ወጥቶ ነው ጉድጓድ የገባው።

«አንተን ያስወጣህ ስንፍናህ ነው» አለች ዘሪቱ። «አባትህን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ለምነውሃል።»

መምህሩ ቀጠለ። ቄሱ አንድ ጥያቄ ጠይቋል። አሥራ አምስት ሴት ተማሪዎች ለሰባት ቀን፣ በየቀኑ ሦስት ሦስት እየሆኑ ለሽርሽር ይወጣሉ። አንዲቷ ከሌላዋ ጋር ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን እንዳትሄድ፣ ግን በሰባቱ ቀን ውስጥ እያንዳንዷ ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ እንድትሄድ እንዴት ይደረጋል?

«ይቻላል?» አለ ዳልጮ።

«ይቻላል። የመልሱ ገጽ ከመጽሐፉ ተቀድዷል። ታስሬ ሳለሁ ከንፍሮዬ አሥራ አምስት የበቆሎ ፍሬ አስቀርቼ መሬት ላይ እደረድር ነበር። በአርባኛው ቀን መጣልኝ።»

«ፍሬዎቹንስ ምን አደረግሃቸው?» አለች ዘሪቱ።

«በላኋቸው።»

እሷ ሳቀች። ዳልጮ አልሳቀም፤ በጣቱ እየቆጠረ ነበር።

መምህሩን ቀበሌው ይከታተለዋል፤ ከቤት ቤት እየዞረ ለሰዎቹ መንገር አይችልም። ወረቀትም አይያዝም። ሸማኔ ግን ፈትል ለመሰብሰብ ሴቶቹ ቤት ሲዞር ማንም «ወዴት?» አይለውም። ስለዚህ ነገሩ ለዳልጮ ተሰጠ። መምህሩ እየነገረው ዳልጮ በወረቀት ፈንታ ድልድሉን በክር ሠራው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ክር ነበረው። ለአምስቱ ሰዎች ቀይ፣ ለአምስቱ ቢጫ፣ ለአምስቱ ጥቁር መደበ፤ ከአንድ እስከ አምስት ቋጠሮ እየቋጠረ ሰው ከሰው ለየ። እሱ ራሱ ጥቁር ባለ ሁለት ቋጠሮ ነው። ኦይታ ቀይ ባለ አንድ። ሦስት ሦስቱን አንድ ላይ አሰረና ማግ በሚጠመጠምበት ሸምበቆ፣ በሰባት ቀሰም ላይ ጠመጠማቸው፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቀሰም። መቶ አምስት ቁራጭ ክር ሆነ። ማንም ቢያየው የሸማኔ ትርፍራፊ ነው።

ሥራውን ሲጨርስ ግን የረቡዑን ቀሰም ለብቻው አስቀመጠ። እዚያ ላይ የእሱ ጥቁር ክር አበቡ ከምትባለው አማኝ ክርና ከቢጫ ባለ አራት ቋጠሮ ጋር ታስሯል። ቢጫ ባለ አራት አገርነሽ ናት።

አገርነሽ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቱ ናት። ጌጤ በሞተች ጊዜ ፊቷን ነጭታ ያለቀሰችለት፣ ሦስት ሳምንት ለልጆቹ ያበሰለችው እሷ ነበረች። ለቅሶ ብድር ነው። ዳልጮም ይህን ያውቅ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ ልጇ ገነነ አርባ ምንጭ ተገደለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሬሳው አልተሰጣትም። የአብዮት ጠባቂዎች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ፣ «የሚያለቅስ ከእሱ ጋር ይቆጠራል» አሉ።

በዚያ አገር ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ሸማ አይመታም። ሦስት ቀን ሁሉም መወርወሪያውን ያስቀምጣል፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ያን ቀን ሸማኔዎቹ ሁሉ በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ማልቀስ ባይችሉ ዝም አሉ፤ ዝምታው ለቅሶ ነበር። ዳልጮ ግን ፈራ። ቤቱ ከአገርነሽ ቤት የተጠጋ ነው፤ ዝም ቢል አለቀሰ የሚሉት መሰለው። ጉድጓዱ ውስጥ ገባና እስኪመሽ መታ። በሰፈሩ ያን ቀን የተሰማው ሸማ የእሱ ብቻ ነበር። አገርነሽ ከአጥሩ ማዶ ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ፈትል አልፈተለችለትም። ክፉም ደግም አልተናገረችውም። እሱ መምታት ሲጀምር እሷ በሯን ትዘጋለች። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ በየጠዋቱ ያን በር ሲዘጋ ሰምቷል።

ሰኞና ማክሰኞ ሥራው በደንብ ሄደ። ዳልጮ ማለዳ እየዞረ ለየሰዉ የዕለቱን ቤት ይነግራል። ሰዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይቀመጣሉ። አንዱ ስለ ፍየል ተናገረ፣ አንዷ ስለ ተሰደበችው። ሰኞ ዳልጮ ከዘሪቱ ጋር ተቀምጦ ነበር። «ባንተ ላይ የያዝኩት የለኝም» አለችው፤ «ምን የሚያዝ ነገር አለህ? እንደ ድንጋይ ነህ።» እጇን ሰጠችው።

ማክሰኞ ማታ ግን የረቡዑን ቀሰም አነሣ። የራሱን ጥቁር ክር ፈታና ከዘሪቱና ሉሊት ከምትባለው መበለት ጋር አሰረው። እዚያ የነበረውን የኦይታን ቀይ ክር በራሱ ቦታ ከአገርነሽና ከአበቡ ጋር አሰረ። አንድ ክር በአንድ ክር። ማን ያውቃል ብሎ ተኛ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዘሪቱ ቤት ገባ። ሉሊት ቀድማ መጥታለች። ዘሪቱ አየችውና ወደ በሩ ተመለከተች።

«ኦይታ የት አለ?»

«ዛሬ እኔ ነኝ።»

«አንተን ሰኞ ጨርሼሃለሁ። ይህ ሁለት ጊዜ የለውም ተብሎ የለም እንዴ?»

ዳልጮ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መምህሩ ረቡዕ ኦይታ ነው ብሎኝ ሁለት ቀን እንደ ሙሽራ የምጠብቀው እሱን ነው» አለች ዘሪቱ። «ምን እንደምለው አስቤ ጨርሻለሁ። አሁን ለአንተ ልበልልህ?»

«ምናልባት ነገ ይሆናል» አለች ሉሊት።

«የሰማንያ ዓመት ሴት ነገ አላት? የመምህሩ ሒሳብ ተበላሽቷል። ሂድ ንገረው።»

መምህር ላቀው ድንች ማሳው ላይ ነበር። ዳልጮ አጥር ላይ ተደግፎ ነገረው፤ ዘሪቱ ያው ሰው ሁለተኛ ደረሰኝ ትላለች አለው። መምህሩ ዶማውን ጣለ። ፊቱ ተለወጠ። ከኪሱ ሌላ አሥራ አምስት የበቆሎ ፍሬ አወጣና እዚያው አፈር ላይ ተንበርክኮ መደርደር ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለ መምህሩ፣ ቀና ሳይል። «ታስሬ ሳለሁ ጭንቅላቴን መትተውኛል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ይጠፋኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ግን ልክ የሠራሁት መስሎኝ ነበር። ይህቺን አንዲቷን እንኳ።»

ፍሬዎቹን ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይደረድራል። አንዷ ፍሬ ከጣቱ ወድቃ ጠፋችበትና በአፈሩ ውስጥ መፈለግ ያዘ።

ዳልጮ ቆሞ አየው። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሰውየው እስኪሞት ድረስ እኔ ተሳሳትኩ ይላል፤ ማንም ዳልጮን አይጠይቅም።

«አልተሳሳትክም» አለ።

መምህሩ አልሰማውም።

«መምህር። ሒሳቡ ልክ ነው። ክሩን ያዛወርኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ተንበርክኮ እንዳለ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀመና ኪሱ ከተተ። «ማንን ሸሽተህ ነው?»

«አገርነሽን።»

ለምን አላለውም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አንድ ክር ብቻ መሰለህ» አለ መምህሩ። «ተመልከት። አንተ አገርነሽን አላገኘህም። አበቡንም አላገኘህም። ኦይታ ዘሪቱን አላገኘም፣ ሉሊትንም አላገኘም። አራት ቦታ በጠስህ። እሑድ ማዕድ ሲቆረስ አራት ቦታ ያልታረቀ ሰው አለ ማለት ነው።»

ይህን ዳልጮ ማወቅ ነበረበት። ድር ላይ አንዲት ክር ከቦታዋ ብትወጣ ሸማው እስኪያልቅ ድረስ ትታያለች።

«ቄሱ ኋላ ምን ሆነ?» አለ ዳልጮ።

«ምን?»

«ያ የጥጥ ነጋዴው ልጅ።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት በአንዲት ትንሽ ሰበካ አገለገለ። ቀድሞ የደረሰበትን ነገር በሌላ ሰው ስም ጠሩት። እሱን የሚያነሡት በዚህች በተማሪዎቹ ጨዋታ ብቻ ነው።»

«አልተናደደም?»

«ተናዷል። ሰበካውን ግን ትቶ አልሄደም።» መምህሩ ዶማውን አነሣ። «ጊዜ አትግደል፣ ጋሽ ዳልጮ። ገና ፀሐይ አለ። ኦይታን ወደ ዘሪቱ ላከው፤ አንተ እሱ የተነሣበት ላይ ተቀመጥ።»

ዳልጮ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ገባ። ከአልጋው ሥር አንድ ቅርጫት አለ። ውስጡ በሰባ ዓመተ ምሕረት በዚያ ቀን የሠራው ሸማ ነበር። ከድሩ ቆርጦ አውጥቶት አልሸጠውም፣ አልለበሰውም። ወደ ሸማኔዎች ማሕበሩ ቢወስደው ዘንድሮ እህል ይሆነው ነበር፤ አልወሰደውም። አወጣና አዘቅዝቆ ለበሰው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

አገርነሽ ቤት ሲደርስ ኦይታና አበቡ እየተነጋገሩ ነበር። ኦይታ አጭር፣ ለፍላፊ ገበሬ ነው።

«ቦታህ እዚህ አይደለም። ዘሪቱ ትጠብቅሃለች» አለው ዳልጮ።

«አሁን? ያቺ አሮጊት በባዶ ሆዴ ልትበላኝ ነው!» አለ ኦይታ። ከዚያ የዳልጮን አለባበስ አየና ሌላ ቃል ሳይናገር ወጣ።

አገርነሽ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች። ቀና አላለችም። አበቡ፣ የአርባ ዓመት ረጋ ያለች ሴት፣ ወደ መሐል ተጠጋች፤ ሦስተኛዋ እሷ ናት። ዳልጮ መደብ ላይ አልወጣም። መሬት ተቀመጠ።

እንዝርቱ ይሽከረከራል።

«በያዝነው እንጀምር» አለች አበቡ።

«እኔ የያዝኩት የለኝም» አለች አገርነሽ። «የደረቀ ነገር አይያዝም።»

ዳልጮ ማልቀስ ፈለገ። ዓይኑ ደረቅ ነው። ደረቱ ውስጥ የሚነቃነቅ ነገር ፈለገ፤ አጣ። ስለዚህ ያለውን ሰጠ።

«ገነነ» አለ።

እንዝርቱ ቆመ። ያን ስም በሰፈሩ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ማንም ጮክ ብሎ አልጠራውም።

«ገነነ። ገነነ ልጄ። ፈሪ ጎረቤት ነው የነበረህ። የእናትህን ብድር የበላሁ እኔ ነኝ። ሞተህ ሳለ ሸማ የመታሁ እኔ ነኝ።» ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም፤ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው ነው። «ይህን ነው የሠራሁት። ያን ቀን የሠራሁት ይኸው።»

አበቡ በነጠላዋ አፏን ያዘች። በሩ ክፍት ነበርና ተነሥታ ልትዘጋው ስትል አገርነሽ፣ «ተይው» አለቻት።

ተነሥታ መጣች። የሸማውን ጫፍ ከትከሻው ላይ ያዘችና ወደ ብርሃኑ ሳበችው። ፈታይ ናት፤ ሸማ ታነባለች። ጣቷን ቀስ እያደረገች አስኬደች።

«እዚህ ጋ ማጉ ላልቷል» አለች።

«አዎ።»

«እዚህ ደግሞ ተጨምቋል። እዚህ ዘልለሃል። እዚህ ክሩ ተበጥሶ ሁለት ጊዜ ቀጥለኸዋል።» ጣቷ እስከ ጫፉ ሄደ። «አንተ እንዲህ ያለ ሸማ ሠርተህ አታውቅም። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አላውቅም። አልሰማኝም።»

«ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች።

አጠገቡ መሬት ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ራሷን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዘች። አበቡም አለቀሰች። ዳልጮ መሐላቸው ደርቆ ተቀመጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ አበቡ እጃቸውን ይዛ አጨባበጠቻቸው። የአገርነሽ እጅ በረሃቡ እንደ ጭራሮ ቀልሏል።

ሐሙስ ዳልጮ ማለዳ ዞሮ ለሰዎቹ ቤታቸውን ነገረ። ከዚያ ሸማውን እንዳዘቀዘቀ በራፉ ላይ ተቀመጠ። መወርወሪያው ዝም አለ። አርብም እንደዚያው።

ቅዳሜ የሸማኔዎች ማሕበሩ ጸሐፊ መጣ። ወጣት ነው፤ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ሦስተኛ ቀንህ ነው። ምነው ሸማህ አይሰማም?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ገነነ።»

«የትኛው ገነነ?»

«የአገርነሽ ልጅ።»

ጸሐፊው ወደ አጥሩ ማዶ ተመለከተ። «እሱኮ የሞተው በሰባ ነው።»

«አዎ። ዘግይቻለሁ።»

«ኮታ እንዳለብህ ታውቃለህ? ይህ እኮ አሻጥር ነው። ለዚያውም ለማን እንደምታለቅስ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ደብተሩን አወጣ።

«ጻፈው» አለ ዳልጮ። «ሦስት ቀን ነው፤ ዛሬ ያልቃል።»

ጸሐፊው ደብተሩን እንደያዘ ሄደ። ይጻፈው አይጻፈው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እሑድ በአምስት ቤት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ማዕድ ቆረሱ። ዳቦ አልነበረም፤ ቆጮ ነው። ዘሪቱ እንሰቱን የነቀለው ኦይታ እንዳልሆነ አመነች፤ ኦይታ ደግሞ ሌላ ጊዜ ገብሷን በከብት ማስበላቱን ተናዘዘ። «እኔም ይህንን ጠርጥሬ ነበር» አለች።

ሰኞ ማለዳ ዳልጮ ሊወጣ በሩን ሲከፍት ደፉ ላይ ፈትል አገኘ። ቀጭን፣ እኩል የወጣ፣ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ነው። ክሩን ዐወቀው፤ እንዲህ የምትፈትል ሴት በሰፈሩ አንድ ናት። የተዘቀዘቀውን ሸማ ከላዩ አወረደና አጣጥፎ አጥሩ ላይ ሰቀለላት። ፈትሉን ቀሰም ላይ ጠመጠመ። ጉድጓዱ ውስጥ ገባና መወርወሪያውን አነሣ።

አንድ ጊዜ መታና ጆሮውን ጣለ። እንደገና መታ። ከአጥሩ ማዶ የእንዝርት ድምፅ ይሰማል። በሩ አልተዘጋም።